«ባራን»፦ ወረቀት የከለከለው ፍቅር

(ከካሌዶኒያን ሮድ፣ ለንደን)

አማርኛችን ስለ ዝምታ ሁለት አፍ አለው። በአንድ በኩል «ዝምታ ወርቅ ነው» ይለናል። በሌላ በኩል ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ ይገስጸናል። የትኛው ነው ልኩ? መልሱ ዝም ያለው ሰው ማን ነው፣ ለምንስ ዝም አለ በሚለው የሚወሰን ይመስለኛል። ጠግቦ ዝም ያለና ቢናገር የሚባረር ሰው ዝምታቸው አንድ አይደለም። ይህን እንዳነሣ ያስገደደኝ በ2001 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣ አንድ የኢራን ፊልም ነው። ስሙ «ባራን» ይባላል፤ በፋርስኛ ዝናብ ማለት ነው። የጻፈውም ያዘጋጀውም ማጂድ ማጂዲ ነው። በዚያው ዓመት በሞንትሪያል የዓለም ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ከአንድ የሃንጋሪ ፊልም ጋር ተጋርቷል።

ውድ አንባቢያን፣ «የኢራን ፊልም ለእኛ ምናችን ነው? የራሳችን ጣጣ መች አነሰንና!» ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ጣጣችን ነው እላለሁ። ፊልሙ የሚያወራው ሠርተው ለመብላት ድንበር ስለተሻገሩ ሰዎችና አፍ አውጥቶ ሊነገር ስለማይችል ፍቅር ነው። ይህን የምጽፍበት ካሌዶኒያን ሮድ፣ የሠፈሩ ሰው «ካሊ» የሚለው፣ ከኪንግስ ክሮስ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቅ መንገድ ነው። እንደ «አዲስ» እና «መርካቶ» ባሉ ምግብ ቤቶች ምክንያት የለንደን ሐበሻ ለዓመታት ሲገናኝበት ኖሯል። መንገዱ ስሙን ያገኘው ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ አባቶቻቸው በጦርነት ለሞቱና ወላጆቻቸው ለደኸዩ የስኮትላንድ ልጆች ከተሠራ «ካሌዶኒያን አሳይለም» ከሚባል ማሳደጊያ ነው። «አሳይለም» የሚለው ቃል እዚህ መንገድ ላይ ከእኛ በፊት ነበር ማለት ነው! እኛ ከመጣን ወዲህ ደግሞ ሁለት ሐበሾች ተገናኝተው ሰላምታ ሲጨርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ወረቀት አገኘህ?» የሚል ነው። «ባራን»ም ከሥር መሠረቱ የወረቀት ፊልም ነው።

ታሪኩ ባጭሩ

ላቲፍ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነው። ቴህራን ውስጥ በመሠራት ላይ ባለ አንድ ሕንፃ ለቀን ሠራተኞቹ ሻይ ያፈላል፣ ዳቦ ይገዛል፣ ወጥ ይሠራል። እሱም ቢሆን የቴህራን ልጅ አይደለም፤ ከአዘሪዎች ወገን የመጣ፣ በአፉ መፍቻ ቱርክኛ የሚናገር፣ የአገር ውስጥ ስደተኛ ነው። ነገረኛ ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ለሳንቲም የሚጣላ ነው። መማር የሚባለው ካቦ ደመወዙን ይዞ ጥቂት ጥቂት ብቻ ይቆነጥርለታል።

በሕንፃው ላይ ያለ ሥራ ፈቃድ የሚሠሩ አፍጋኖች አሉ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ካቦው ይሸሽጋቸዋል። አንድ ቀን ነጃፍ የሚባለው አፍጋን ከፎቅ ወድቆ እግሩ ይሰበራል። ወዳጁ ሶልጣን በምትኩ «ልጁ ነው» ብሎ ራህማት የሚባል አንድ ቀጭን ልጅ ያመጣል። ልጁ የሲሚንቶ ከረጢት መሸከም ስላቃተው ካቦው የላቲፍን የሻይ ሥራ ለእሱ ይሰጥና ላቲፍን ወደ ሸክም ያወርደዋል። ላቲፍ በቅናት ይነዳል። ወጥ ቤቱን ያተራምሳል፣ ልጁን በጥፊ ይመታዋል፣ በየምክንያቱ ያሳድደዋል። በራህማት እጅ የገባው ወጥ ቤት ግን ጸዳ፤ መጋረጃ ተሰቀለለት፤ ሻይውም ሻይ ሆነ።

ከዕለታት አንድ ቀን ላቲፍ በመጋረጃው በኩል የአንዲት ረጅም ጸጉር የምታበጥር ልጅ ጥላ ያያል። ራህማት ወንድ አይደለም፤ የነጃፍ ሴት ልጅ ናት። ከዚህ በኋላ ያ ባለጌ ጎረምሳ ሌላ ሰው ይሆናል። ተቆጣጣሪዎች ሲያባርሯት እሱ ተናንቆ ያስመልጣትና ይታሠራል። አፍጋኖቹ በሙሉ ከሥራ ይባረራሉ። ፈልጎ ሲያገኛት በቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ስትሸከም ያያታል። የዓመት ደመወዙን ከካቦው ተቀብሎ ለቤተሰቧ ቢሰጥ፣ ገንዘቡ የባሰ ችግር ላለበት ለሶልጣን ይደርሳል። በመጨረሻ መታወቂያውን በጥቁር ገበያ ይሸጥና ገንዘቡን «ካቦው የላከልህ ነው» ብሎ ለነጃፍ ይሰጣል። አባትየው በዚያ ገንዘብ ምን አደረገ? ቤተሰቡን ጠቅልሎ ወደ አፍጋኒስታን ተመለሰ!

ዕቃ ሲጫን የባራን ቅርጫት ይወድቅና ሁለቱ ጎንበስ ብለው አትክልቱን ይለቅማሉ። ቀና ብላ ታየዋለች፤ ፈገግ ትላለች፤ ከዚያም ቡርቃዋን በፊቷ ላይ ትጥላለች። መኪናው ይሄዳል። ጫማዋ ጭቃው ላይ የተወው አሻራ ዝናብ ሲሞላበት ላቲፍ እያየ ፈገግ ይላል። አለቀ።

የማጂዲ ብልሃት

የኢራን ሳንሱር ሥጋ ያልተዛመዱ ወንድና ሴት በስክሪን ላይ እጅ ለእጅ እንዲነካኩ አይፈቅድም፤ የሴት ጸጉር መታየትም ክልክል ነው። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን «አላሠራ አሉኝ» ብሎ ያማርር ነበር። ማጂዲ ግን ክልከላውን የታሪኩ ሞተር አደረገው። ጸጉሯን አላሳየንም፣ ጥላውን አሳየን። እጅ ለእጅ አላገናኛቸውም፣ ከመሬት አትክልት አስለቀማቸው። ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በግልጽ የማይነገር ነገር በሌላ ነገር ተጠቅልሎ ሲነገር ይበልጥ እንደሚያቃጥል እናውቃለንና።

ሁለተኛው ብልሃቱ ካቦውን ሰይጣን አለማድረጉ ነው። መማር ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ይቆነጥራል፤ ነገር ግን ላቲፍ ሲታሠር ከፍሎ የሚያስፈታው እሱ ነው፤ አፍጋኖቹን የሚሸሽጋቸውም እሱ ነው። የሚሸሽጋቸው ግን ርካሽ ስለሆኑ ነው። ሸሽጎ ያሠራል፣ ስለሸሸገም ደመወዝ ይቀንሳል። ወረቀት በሌለው ሰው ጉልበት ላይ የቆመ ኢኮኖሚ ይህን ይመስላል፤ ክፉ ሰው አያስፈልገውም፣ ደግ ሰውም ያንኑ ሥራ ይሠራል። አረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችን «ማዳሟስ ደግ ነበረች» ካሉ በኋላ «ግን ፓስፖርቴን ይዛው ነበር» ሲሉ ስንቴ ሰምተናል? ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ያለ ምንም ግጭት አብረው ይኖራሉ።

ሦስተኛው፣ የመታወቂያው ነገር ነው። አንድ ዜጋ ለወደዳት ስደተኛ ሲል ወረቀቱን ይሸጣል፤ ማለትም ራሱን ወደ እሷ ደረጃ ያወርዳል። እዚህ ካሊ ላይ ለወረቀት ሲባል ፍቅር ሲሸጥ አይተናል፤ ለፍቅር ሲባል ወረቀት ሲሸጥ ግን ያየን ስንቶቻችን ነን? ከፊልሙ አንድ ነገር ብቻ አስታውስ ብባል የማስታውሰው ይህንን ነው።

«ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትናገረው?»

ፊልሙን ከወዳጆች ጋር ሆነን ስናየው ወጣትነቷን በአረብ ቤት የጨረሰች አንዲት ታላቅ እኅታችን አብራን ነበረች። ሊያልቅ ሲል ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አንተዬ፣ ይቺ ልጅ መቼ ነው አፏን የምትከፍተው?» አለችኝ።

«አትናገርም፣ እትዬ፤ እስኪያልቅ አንዲት ቃል አትናገርም» አልኳት።

«እንግዲያው ደህና አድርገው ሥለዋታል» አለች። «እኔስ ስምንት ዓመት ሙሉ ‹ሓዲር ማዳም› ከማለት በቀር ምን ተናግሬ አውቃለሁ?» ቡናዋን ፉት አለችና ትንሽ ቆይታ ጨመረች፦ «በሆዴ የማልለው ግን አልነበረም፣ ልጄ።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ከብዙ የፊልም ሐያስያን ጽሑፍ ትበልጥብኛለች። የባራን ዝምታ እውነት ነው፤ ድምፅዋን ብታሰማ ሴትነቷ ይታወቃል፣ ሥራዋ ይቀራል፣ ቤተሰቧ ይራባል። በሆዷ የምትለውን ግን ማጂዲ አልነገረንም። ካሜራው ከላቲፍ አይለይም። እሱ ሲቆጣ እናያለን፣ ሲያፍር እናያለን፣ ሲጸጸት እናያለን። እሷን የምናያት እሱ ሲያያት ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ስደተኛዋ ለባለአገሩ ነፍስ መንጻት ምክንያት ሆነች። ምን ተሰማት? ወደደችውስ? መታወቂያውን እንደሸጠ ታውቃለች? አይነገረንም። ገንዘቡን እንኳ በካቦው ስም ስለሰጠ፣ ማን እንዳሻገራት ሳታውቅ ነው የሄደች።

ወዴት ነው የሄደችው? ይህ ጥያቄ ዛሬ ከ2001 ይልቅ ይከብዳል። ፊልሙ ሲሠራ አፍጋኒስታንን ይገዛ የነበረው ታሊባን ነው፤ ሴት ልጅ መማርም መሥራትም ተከልክላ ነበር። ታሊባን በ2021 ተመልሶ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ደግሞ ሴቶች ልጆች ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ከልክሏል። በ2025 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አፍጋኖች ከኢራን ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ተገድደው ነው። እንግዲህ የባራን የመጨረሻ ትዕይንት ለላቲፍ ጸበል ነው፤ ዝናብ ዘነበለት፣ ታጠበ፣ ፈገግ አለ። ለእሷስ? ቡርቃው ወረደ። ዳይሬክተሩ ከፈገግታው ጋር እንድንሄድ ይጋብዘናል፤ እኔ ግን ልቤ ከመኪናው ጋር ነው የሄደው።

ፍቅር አቅጣጫ አለው

ከ«ባራን» አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚሁ ጉዳይ ላይ የተሠራ ሌላ የኢራን ፊልም አለ፦ የሐሰን የክታፓናህ «ጆመህ»። በ2000 በካን ፌስቲቫል ለጀማሪ ዳይሬክተሮች የሚሰጠውን የወርቅ ካሜራ ሽልማት ከባህማን ጎባዲ ፊልም ጋር ተጋርቷል። ጆመህ በአንድ የኢራን ገጠር በላሞች እርባታ የሚሠራ አፍጋን ወጣት ነው። የባለሱቁን ልጅ ይወድዳል፤ ምክንያት እየፈጠረ ሱቋ ይመላለሳል። በመጨረሻም ጌታውን «ሽማግሌ ሁኑልኝ» ብሎ ይለምናል። ጌታው ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ልመናው ፍሬ አያገኝም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በ«ባራን» የሚያፈቅረው ባለአገሩ ነው፤ ፍቅሩ ደግነትና መሥዋዕትነት ተብሎ ይወደሳል። በ«ጆመህ» የሚያፈቅረው ስደተኛው ነው፤ ፍቅሩ ድፍረት ይሆንበታል። ያው ድንበር፣ ያው ዘመን፣ ያው ፍቅር፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲፈስ ውሃ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ሲመጣ ጎርፍ ይባላል።

ይህ የሁለት ዳይሬክተሮች ስሜት ብቻ አይደለም፤ ሕጉም እንዲሁ ነው። በኢራን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 976 መሠረት ኢራናዊ ወንድ ያገባች የውጭ አገር ሴት የባሏን ዜግነት ታገኛለች። በአንቀጽ 1060 መሠረት ደግሞ ኢራናዊት ሴት የውጭ አገር ሰው ለማግባት የመንግሥት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ላቲፍ ባራንን ቢያገባ ኖሮ ወረቀት ያገኙላት ነበር፤ ጆመህ ግን የባለሱቁ ልጅ «እሺ» ብትለው እንኳ ገና የመንግሥት ደጅ ይጠናው ነበር። ከዚህ ዓይነት ጋብቻ የተወለዱ ልጆች በእናታቸው በኩል ዜግነት እንዲያገኙ የሚፈቅደው ሕግ የጸደቀው በ2019 ነው። እንግዲህ የተከለከለ ፍቅር ስንል ከልካዩ ልብ ወይም ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ማኅተም ያለው ሰውም ከልካይ ነው።

«የኢራን ነገር እንዲህ ነው» ብለን ደግሞ እንዳንታበይ። እዚሁ እንግሊዝ አገር ከየካቲት 2005 ጀምሮ በኢሚግሬሽን ቁጥጥር ሥር ያለ ሰው ለማግባት ከሆም ኦፊስ የጽሑፍ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። ክፍያው 295 ፓውንድ ደርሶ ነበር። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚጋቡ ብቻ ከዚህ ነጻ ነበሩ፤ በተዋሕዶ ቁርባን ወይም በኒካህ የሚጋባው የእኛ ሰው አልነበረም። በ2008 የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች አሠራሩ ሰብአዊ መብት እንደሚነካ ፈረዱ፤ ጨርሶ የተሻረው ግን በ2011 ነው። ለስድስት ዓመት ያህል ከካሊ ወጣቶች ውስጥ ስንቱ «እንጋባ» ከማለቱ በፊት «ይፈቀድልን ይሆን?» ብሎ እንደተጨነቀ የዚያ ዘመን ሰው ያስታውሳል። ሥራ እንዳይሠራ የተከለከለ ጥገኝነት ጠያቂ 295 ፓውንድ ከየት ያመጣል?

አማርኛ የሚሰማበት ፊልም

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ። በ2018 በካን የዳኞችን ሽልማት ያገኘው የሊባኖሳዊቷ ናዲን ላባኪ ፊልም «ቅፍርናሆም» ዋና ታሪኩ ዘይን ስለሚባል የቤሩት ድሀ ልጅ ነው። ከቤቱ ጠፍቶ ሲንከራተት ያስጠጋችው ግን ራሄል የምትባል ኢትዮጵያዊት ናት። ራሄል በሐሰተኛ ወረቀት ትሠራለች፤ ዮናስ የሚባል ጡት ያልጣለ ልጅ አላት። ልጁ እንዳይታወቅባት ሥራ ቦታዋ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ትሸሽገዋለች። አንድ ቀን ተይዛ ትታሠራለች፤ ሕፃኑ በሌላው ሕፃን በዘይን እጅ ይቀራል። በዚህ ፊልም ከአረብኛ ሌላ አማርኛ ይሰማል። ባራን ያላገኘችውን ድምፅ ራሄል አግኝታለች።

ራሄልን ሆና የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሽፈራው ፊልሙ እየተቀረጸ ሳለ ወረቀት የለሽም ተብላ በእውነት ታስራ ነበር። የዮናስን ቦታ የያዘችው ሕፃን ወላጆችም እንዲሁ ታሥረዋል። ፊልሙና ኑሮው በአንድ እስር ቤት ተገናኙ ማለት ነው።

የዮናስ መኖር ራሱ የተከለከለ ፍቅር ምስክር ነው። ካፋላ የሚባለው የአረብ አገሮች አሠራር ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራታል፤ ከቤቱ ከወጣች ወረቀቷ ይሞታል። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ የምናስበው ደመወዝና ድብደባ ነው። ነገር ግን ካፋላ የሚከለክለው ሌላም አለ፤ ወዳጅ መያዝ፣ ማግባት፣ መውለድ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 እንደዘገበው የሊባኖስ ጠቅላይ ደኅንነት እዚያው አገር ለወለዱ የቤት ሠራተኞችና ለልጆቻቸው የመኖሪያ ፈቃድ አላድስም ማለት ጀምሮ ነበር። ከእጇ ሥራ እንጂ ከልቧ ምንም እንዳይወጣ ማለት ነው። ሰው ጠርተው ጉልበት ብቻ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ።

ድምፅ ማግኘትም ሁልጊዜ ጆሮ አያገኝም። በ2012 ቤሩት ውስጥ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ዓለም ደቻሳ ስትጎተትና ስትጮኽ ዓለም ሁሉ በቪዲዮ አየ። ብዙም ሳይቆይ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ጮኻ ነበር እኮ! በ2013 መጨረሻ ሳውዲ አረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስታባርር እዚህ ለንደን በሳውዲ ኤምባሲ ፊት ተሰልፈናል። በ2020 ደግሞ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን እንደ አሮጌ ዕቃ በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እየጣሉ ሄዱ። ሰልፍ መውጣታችን ደግ ነው። ከሰልፍ ስንመለስ ግን ምን እናደርጋለን?

እኛስ?

ትችት ከቤት ካልጀመረ ሐሜት ነው። የሄርሞን ኃይላይ «የፍቅር ዋጋ» (2015) ይህን ከቤት ይጀምራል። ቴዲ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ ነው፤ በአንድ ቄስ እጅ ያደገ፣ እናቱ ሴተኛ አዳሪ የነበረች። ፍሬ በዚያው ሕይወት ውስጥ ያለች ልጅ ናት። የቀድሞ ወዳጇ ሴቶችን ወደ አረብ አገር የሚልክ ደላላ ነው። ይህ ፊልም «ባራን»ም «ቅፍርናሆም»ም የማያሳዩንን አንድ ነገር ያሳየናል፦ ላኪውን። እኅቶቻችን ከሰማይ ወርደው ቤሩት አልተገኙም፤ የላካቸው እጅ የእኛው እጅ ነው፤ አንዳንዴም ፍቅረኛ ነኝ የሚል እጅ።

ላኪው ደላላው ብቻም አይደለም። ዱባይ ያለች እኅታችን ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄያችን ምንድነው? «ላክሽ?» ነው። «ሰው አገኘሽ ወይ? የሚያጫውትሽ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ስንት ነው? ለቤቱ ቆርቆሮ፣ ለወንድም ትምህርት፣ ለእናት መድኃኒት የምትልክ ልጅ እንድታፈቅር አንፈቅድላትም፤ ብታፈቅር ገንዘቡ የሚቀንስብን ይመስለናል። ድንገት ሕፃን ታቅፋ ቦሌ ስትደርስ ደግሞ የአንዳንዱ ቤተሰብ ፊት እንዴት እንደሚለወጥ የምናውቅ እናውቃለን። ሻንጣው በእልልታ ይገባል፤ ሕፃኑ ግን በሹክሹክታ ነው የሚገባው። አባቱ ሱዳናዊ ይሁን ሶርያዊ ወይም ባንግላዴሻዊ፣ የልጁን ስም ከመጠየቃችን በፊት የአባቱን አገር እንጠይቃለን። የሊባኖስ ደኅንነት ያልሰጠውን ወረቀት እኛም በልባችን ከለከልነው ማለት አይደለም?

እዚህ ለንደንም ከዚህ ነጻ አይደለንም። አረብ አሠሪዎቻቸው ለበጋ ይዘዋቸው መጥተው ካረፉበት ቤት ያመለጡ እኅቶች በመካከላችን አሉ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1998 እንዲህ ያሉት ሠራተኞች አሠሪ እንዲቀይሩ ፈቅዶ ነበር፤ በሚያዝያ 2012 ያን መብት ነጥቆ ቪዛቸውን ከአንድ አሠሪ ጋር በስድስት ወር አሰረው፤ በ2016 በዚያችው ስድስት ወር ውስጥ ብቻ መቀየር እንዲችሉ በመጠኑ አላላው። ካፋላን ከሩቅ ስናወግዝ የቅርብ ዘመዱ ከደጃችን ቆሞ ነበር። እነዚህ እኅቶች ሲያመልጡ በመጀመሪያ የሚፈልጉት የሐበሻ ፊት ነው። በዚያን ሰዓት «ወረቀት አለሽ?» የሚለው ጥያቄያችን ከተቆጣጣሪው ጥያቄ በምን ይለያል? በቃሉ አይለይም። የሚለየው ቀጥሎ በምናደርገው ነገር ነው።

ፍርዴ

እንግዲህ «ባራን»ን እዩት ወይስ አትዩት? እዩት እላለሁ፤ ሁለት ጊዜ እዩት። አንደኛውን ከላቲፍ ጋር ሆናችሁ እዩት፤ አንድ ሰው በፍቅር ምክንያት ከጥላቻ ወደ ርኅራኄ እንዴት እንደሚሻገር ከዚህ የተሻለ ያሳየ ፊልም ጥቂት ነው። ባለአገር የሆነ ሁሉ ሊያየው ይገባል፤ እኛም አንድ ቀን ባለአገር እንሆናለንና። አዲስ አበባ ውስጥ የሶማሌና የኤርትራ፣ የደቡብ ሱዳንና የሶርያ ስደተኞች እንዳሉ አንርሳ። ሁለተኛውን ደግሞ ከባራን ጋር ሆናችሁ እዩት። እሷ ቃል በማትናገርበት በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ እያቆማችሁ «አሁን በሆዷ ምን እያለች ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ማጂዲ ያልጻፈውን ግማሽ ፊልም ያኔ ታዩታላችሁ።

የፊልሙ ድክመት ደግነቱ ላይ ነው፤ ደግነት ብቻውን ሰውን አያናግርም። ላቲፍ ያለውን ሁሉ ሰጣት፣ ስሙን የያዘውን ወረቀት እንኳ ሰጣት፤ ግን አንድም ጊዜ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። እኛም ለእኅቶቻችን ሰልፍ ወጥተንላቸዋል፣ ገንዘብ አዋጥተንላቸዋል፣ አልቅሰንላቸዋል። የቀረው ጥያቄው ነው። ስደትን ኖረው የተመለሱ፣ ስምንትና አሥር ዓመት «ሓዲር ማዳም» ያሉ ሴቶች በየሠፈራችን አሉ፤ ካሊ ላይም አሉ፣ ደሴም አሉ፣ ጅማም አሉ። እስክሪብቶ የያዛችሁ፣ ካሜራ የያዛችሁ ወጣቶች፣ የሚቀጥለው «ባራን» በአማርኛ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ከእነሱ ጎን ቁጭ በሉና አድምጡ። ስለ ዱላው ብቻ አትጠይቋቸው። ማንን እንደወደዱም ጠይቋቸው።

ዝምታ ወርቅ ሊሆን ይችላል፤ ወርቁ ግን ሁልጊዜ ለሰሚው እንጂ ለዝምተኛው አልሆነም።

ቸር ይግጠመን።